የእማዬ ስም በቀበሌው ሰሌዳ ላይ

ሰኞ

ስማችን ወጥቷል። ቁጥር ሠላሳ አንድ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እማዬ ይሄን ቀን ስትጠብቅ ሦስት ወር አልፏታል። ስንዴ፣ ዘይት፣ ለእኔ ደብተርና ዩኒፎርም። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ በቀበሌ በኩል እለፊና እዪልኝ ያለችኝ እሷ ናት። እሷ ማንበብ አትችልም። እኔም በአሥራ አምስት ዓመቴ ገና ሰባተኛ ክፍል ነኝ፤ ግን ማንበቡን እችላለሁ። ዛሬ ምነው ባልቻልኩ አልኩ።

ዝርዝሩ የተለጠፈው ከቀበሌው በር ገባ እንዳሉ በግራ በኩል ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። ሦስት ገጽ ነው። ከላይ «ቅሬታ ያለው በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ያቅርብ» ይላል። ሁልጊዜም እንደዚህ ያደርጋሉ። ሰፈሩ ያየውና ይሄኛው ሱቅ አለው፣ ያቺኛዋ ልጇ አረብ አገር ናት እያለ ያጣራል። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት። እስከዚህ ድረስ የለመድኩት ነው። የዘንድሮው ግን አራተኛ አምድ አለው። «ድጋፍ ያስፈለገበት ምክንያት» ይላል።

እኛ ጋ ምን እንደተጻፈ እዚህ ላስፍረው ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ይሄን ደብተር ፍራሼ ስር ነው የምደብቀው፤ እንዲያም ሆኖ ጽፌው አላውቅም። እነሱ ግን በኮምፒዩተር ጽፈውታል። «ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት፣ መድኃኒት የጀመረች፣ ባል የሌላት።»

ሦስቴ አነበብኩት። ሦስቴም ያው ነው።

አልማዝ የምትባለው የቀበሌ ሠራተኛ ቤታችን የመጣችው ክረምቱ ሳይወጣ ነበር። ጥሩ ጫማ አድርጋ ነበር፤ ጭቃው እንዳይነካት ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠች ገባች። እማዬ ሕፃን ይመስል ውጪ ተጫወቺ ብላ አስወጣችኝ። መስኮቱ ስር ቆሜ ሰማሁ። አልማዝ «ይሄ ወረቀት ከእኔ ፋይል አይወጣም፤ በእኔና በአንቺ መሃል ነው» አለቻት። እማዬ የተናገረችው ከዚያ በኋላ ነው። ለእህቷ ያልነገረችውን። ለእኔ ያልነገረችኝን። እኔ ያን ቀን አወቅኩ፤ ማወቄን ግን እማዬ እስከ ዛሬ አታውቅም። መድኃኒቷን የሚያውቃት ሰው እንዳያያት በታክሲ ሩቅ ሄዳ ነው የምታመጣው። ብልቃጡ እንዳይንኳኳ ጥጥ ትወትፍበታለች። እኔ ያላየሁ እመስላለሁ። ሁለታችንም ጎበዞች ነን።

የምትሠራው ቁርስ ቤት ነው፣ ከቀበሌው ሁለት ቅያስ ዝቅ ብሎ። ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ፍርፍር ትሠራለች። ይሄ ነገር ከታወቀ ከእሷ እጅ የሚበላ አይኖርም። የቁርስ ቤቱ ባለቤትም አንድ ቀን አታሳድራትም። በቃ፣ ነገሩ ይሄው ነው።

ቤት ስገባ አለ ወይ አለችኝ። አለ አልኳት። እልል ልትል አፏን ከፈተችና ጎረቤት እንዳይሰማ በእጇ ያዘችው። ቀጥሎ አንድ ቀን ሄጄ በዓይኔ አየዋለሁ አለች። ማንበብ የማትችል ሰው በዓይኗ ምን ታያለች? ሌላ ሰው ታስነብባለች እንጂ።

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄድኩ።

ወረቀቱን መቅደድ አስቤ ነበር። ሰሌዳው የወንፊት ሽቦ በር አለው፣ ቁልፉ አልማዝ ጋ ነው። ጣቴ እንኳ አያልፍም። ስለዚህ ሌላ ነገር አደረግኩ። ሠላሳ አንድ ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ቀጥ ብዬ ስቆም አንገቴ ጋ ይደርሳል፤ ሹሩባዬን ብበትነው ደግሞ ይሸፍነዋል። ሰው የሚጠብቅ መስዬ ቆምኩ። እኔ፣ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ለማለት ድምፅ የሚያጥረኝ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ ላይ ቆምኩ።

ሰው ሳይኖር ዞር ብዬ የሌሎቹን አነበብኩ። ማንበብ አልነበረብኝም። ግን አነበብኩ።

ቁጥር አራት፦ የአእምሮ ሕመምተኛ ልጅ ያላት። (እኛ ልጇ ክፍለ ሀገር ነው ስትል እናምናት ነበር።)
ቁጥር አሥራ ሁለት፦ በልመና የምትተዳደር። (ሁልጊዜ ነጠላዋ ንጹህ የሆነችው ሴትዮ! በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም የምትሄድ ይመስለኝ ነበር።)
ቁጥር አሥራ ስምንት፦ ባሏ በስርቆት ወንጀል የታሰረ።

አሥራ ስምንት የራሔል እናት ናቸው። ራሔል ክፍላችን ውስጥ ከኋላ የምትቀመጠው ናት። አባቷ ጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና እንደሚነዳ ሳትነግረን የዋለችበት ቀን የለም። የእኔን የተቀደደ ጫማ ግን ታውቀዋለች፣ አንድ ቀን ለክፍሉ ሁሉ አሳይታዋለች።

ከዘራ የያዙ ሽማግሌ መጡና ልጄ አንብቢልኝ አሉኝ። ስማቸው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር። ወጥቷል አባባ አልኳቸው። ቀጥሎ ያለው ምን እንደሚል ጠየቁኝ። መዋሸት ይቻል እንደነበር ያኔ አልመጣልኝም። «ልጆቹ የከዱት» ብዬ አነበብኩላቸው።

ወደ ሽቦው ጠጋ አሉ። «የከዱት አልኩ እንዴ? አልላኩልኝም ነው እኮ ያልኩት» አሉ። ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት፤ ለሽቦው ነበር። ከዚያ ሄዱ።

ረቡዕ

ዛሬ አልማዝ ጋ ገባሁ። መስኮቱ ጋ ከኋላዬ አምስት ሰው ተሰልፏል። ተራዬ ሲደርስ ድምፄ ጠፋ። ጮክ በይ አለችኝ። ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ የተጻፈው ምክንያት ይጥፋልኝ አልኳት። አሁንም ጮክ በይ አለችኝ።

ከጠረጴዛዋ ላይ ሌላ ቅጂ አነሳች። በጣቷ ወረደች። «ይቺ ናት? ኤች አይ ቪዋ?» አለች።

እንደዛ ነው ያለችው። ሽንኩርቷ፣ ቲማቲሟ እንደሚባለው። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ። እኔ ምኗ እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ ልጇ ነኝ አልኩ። አፌን ብይዝ ኖሮ የማንም ልጅ ልሆን እችል ነበር። አሁን ግን አምስት ሰው ያውቃል። እኔው ነኝ የነገርኳቸው።

አልማዝ ክፉ አይደለችም፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ቁጭ በይ አለችኝ። ምክንያቱ የሚለጠፈው በመመሪያ ነው አለች። ባለፈው ዓመት ምክንያት ሳይጻፍ ሲቀር ሰፈሩ ለዘመዶቻችሁ ሰጣችሁ ብሎ ክፍለ ከተማ ድረስ ከሷቸዋል። ዘንድሮ ሁሉም ነገር ግልጽ ይሁን ተባለ። «ደግሞ ዘመኑ ተለውጧል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም እኮ የኔ ቆንጆ» አለችኝ። ቤታችን መጥታ በእኔና በአንቺ መሃል ነው ያለችውን ላስታውሳት አሰብኩ። አላስታወስኳትም። እሷም እኔን አላስታወሰችኝም።

ያለው መንገድ ሁለት ነው፦

አንድ፣ ቅሬታ ማቅረብ። እማዬ ራሷ መጥታ፣ ቅሬታዋ ተጽፎ፣ ቅዳሜ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ይነበባል። ኤች አይ ቪ እንዳለብኝ አትጻፉብኝ የሚለው ቅሬታ፣ ሰፈሩ በሙሉ በተሰበሰበበት፣ በማይክራፎን።

ሁለት፣ በፈቃድ መውጣት። ፎርም አለው። የወጣ ሰው ስሙ ይሰረዛል፣ ስንዴውም ለተጠባባቂ ይሰጣል።

አስቢበት አለችኝ። ቀጣይ ብላ ተጣራች።

ሐሙስ

ዛሬ አሸነፍኩ። እንዴት እንዳሸነፍኩ ስጽፈው ደስ አይለኝም።

ቦታዬ ላይ ቆሜ ነበር። ራሔል ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መጣች። ማስቲካ ያኝካሉ። ራሔል አየችኝና «ቀበሌ ዘበኛ አድርጎ ቀጠረሽ እንዴ?» አለች። ሳቁ። ማን ማን ስንዴ እንደሚበላ ልናይ ነው፣ ዞር በይ አለችኝ። የእናቷ ስም እንዳለበት አታውቅም ነበር። እናቷ አልነገሯትም መሰለኝ። የእኔ እናት እንዳልነገረችኝ።

አልተንቀሳቀስኩም። «አንቺ ፋራ፣ ዞር በይ እኮ ነው የምልሽ» ብላ ትከሻዬን ያዘች። ወደ ጎን ገፋችኝ። ሠላሳ አንድ ከአንገቴ አጠገብ ብቅ ሲል ታወቀኝ።

«መጀመሪያ አሥራ ስምንትን አንብቢ» አልኳት።

ድምፄ አልጠፋም። በሕይወቴ እንደዛ ጥርት ብሎ ወጥቶልኝ አያውቅም። ጓደኞቿ ቀድመዋት አነበቡት። አንደኛዋ ጮክ ብላ ነው ያነበበችው፣ ሳታስበው ይመስለኛል። «ባሏ በስርቆት ወንጀል የታሰረ።» ከዚያ የእናትየዋን ስም አነበበች። ከዚያ ራሔልን አየቻት። «ጅቡቲ አላልሽም እንዴ?» አለቻት።

ራሔል እኔን አላየችኝም። ወረቀቱን ነበር የምታየው። ፊቷ ትንሽ ሆነ፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ መሰለች። ሮጣ ወጣች። ሁለቱ እየተሳሳቁ ተከተሏት፤ ወሬ ሊያደርሱ ነው። ሠላሳ አንድን ያስታወሰው የለም።

እስከ ቤታችን ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው የምጽፈው። ልብሴን ስቀይር ግን የራሔል ፊት መጣብኝ።

እማዬ ከሥራ ገብታ ነገ እትዬ ዘነቡን ይዤ እሄዳለሁ አለችኝ። እትዬ ዘነቡ የግቢያችን አንባቢ ናቸው፤ የሁሉንም ደብዳቤ፣ የሁሉንም ቢል የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። የሳቸው ዓይን ደግሞ አንድ መስመር አይዘልም። እኔ አይቼዋለሁ እኮ ምን ያደርግልሻል አልኳት። «ስሜ ተጽፎ አያውቅማ፤ የት ጋ እንደሆነ በጣት ያሳዩኝ» አለች።

ዓርብ

ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ቢሮው ሲከፈት መስኮቱ ጋ ነበርኩ።

እንወጣለን አልኳት። አልማዝ ፎርሙን ሰጠችኝ። ምክንያት የሚለው ጋ ምን ልጻፍ ስላት «ኑሯችን ስለተሻሻለ በይ፣ ሁሉም እንደሱ ነው የሚጽፈው» አለች። ጻፍኩ። እናትሽ ፈርማ ታምጣ ስትለኝ አሟት ተኝታለች አልኳት። እንግዲያው ውሰጂና አስፈርመሽ አምጪ አለች።

እማዬ አትፈርምም፣ አሻራ ነው የምታደርገው። ከቀበሌው ሽንት ቤት ጀርባ ሄድኩ። የእስክሪብቶዬን ቀፎ ሰበርኩና ቀለሙን አውራ ጣቴ ላይ ቀባሁት። ወረቀቱ ላይ ጫንኩ። የእኔ ጣት ከእማዬ ጣት ያንሳል፤ የሷ በቢላ የተቆራረጠ ነው። ቤታችን ድረስ ሄጄ የምመለስበት ጊዜ እንኳ ሳይሞላ ተመለስኩ። አልማዝ አሻራውን አላየችውም። የማን ነው አላለችም። የድሮው ፎርም ላይ ካለው የእማዬ አሻራ ጋር አያይዛ በስቴፕለር መታችው። ሁለቱ አሻራዎች ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ትልቅና ትንሽ።

ከዚያ ቁልፏን፣ ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ወጣች። ሰሌዳውን ከፈተች። ወረቀቱን ታነሳዋለች፣ ወይ በነጭ ቀለም ታጠፋዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ማስመሪያውን አስተካክላ አንድ ቀጭን ቀይ መስመር ከስሙ እስከ ምክንያቱ ድረስ ሳበችበት። ጎኑ ላይ «በፈቃድ የተሰረዘ» ብላ ፈረመች።

ሁሉም ነገር ከስሩ ይነበባል።

ይጥፋ እንጂ አልኳት። «ሰነድ ላይ የተጻፈ አይጠፋም፣ ይሰረዛል ነው የሚባለው። ኦዲት አለብን» አለችኝ። ቆለፈችው። ሦስት ገጽ ሙሉ ጥቁር ጽሑፍ፣ መሃሉ ላይ አንድ ቀይ። ከበሩ የሚገባ ሰው ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። አንዲት ሴት ወዲያው መጣች፣ ቀዩን አየች፣ ጠጋ ብላ አነበበች፣ ሄደች። መሸፈን እንኳ ረሳሁ።

አምስት ሰዓት ላይ እማዬና እትዬ ዘነቡ መጡ። እማዬ ለዚህ ብላ የክት ቀሚሷን ለብሳለች። ከክፍል መቅረቴን አይታ እንኳ አልተቆጣችም። እትዬ ዘነቡ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ሽቦውን ይዘው ወረዱ። ቀዩ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከንፈራቸው ሲያነብ አየሁት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ስምሽ ይሄውልሽ። ቀጥሎ ችግረኛ ይላል» አሏት።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እማዬ ግን ቀዩ ምንድነው አለች። ተሰርዟል ይላል አሏት። እማዬ ወደ መስኮቱ ሄደች። እኔ አልተከተልኳትም። ስትመለስ ፊቷ ላይ ንዴት የለም፣ ግራ የተጋባ ፊት ነው። በፈቃድሽ ነው የወጣሽው፣ አሻራሽ አለ ይሉኛል አለች። የማን አሻራ ነው? መቼ?

ጣቴን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩት። አየችው።

ቅዳሜ

ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ልሄድ ነው ብላ ነጠላዋን ከደረበች በኋላ፣ ተመልሳ ቁጭ አለች። ዘነቡ ያላነበቡልኝን አንቺ አንብቢልኝ አለችኝ። ገብቷት ነበር።

በቃሌ አነበብኩላት። ያን ቃል ከእሷ ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ስጨርስ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው አለችኝ። ከመስኮቱ ስር ጀምሮ አልኳት።

ይቅር ትለኛለች፣ ታለቅሳለች፣ ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። እንደዛ አልሆነም።

«እኔ እኮ ምስጢሬን ሰጥቼ ስንዴ ልቀበል ነበር» አለች። «አሁን ምስጢሬም እነሱ ጋ ቀረ፣ ስንዴውም ቀረ። አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

እውነቷን ነው። ወረቀቱ ተለጥፎ ከዋለ በኋላ የሸፈንኩት በሙሉ የእኔን ፍርሃት ነው። እንዳትባረሪ ብዬ ነው ልላት ስል፣ ተነስታ ሄዳለች።

እሷ ሥራ ላይ እያለች እትዬ ዘነቡ መጡ። ሳፋችንን ይዘው ነው። ያ ሳፋ ከእኛ ይልቅ እሳቸው ጋ ነው የሚኖረው፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በጋራ ነው የምንጠቀምበት። ለራሴ ልገዛ ነው፣ ይሄ ለእናንተ ይሁን አሉኝ። ፈገግ ብለው፣ ጉንጬን እንደ ድሮው ሳይነኩ። ሳፋው በረኪና በረኪና ይሸታል። ትናንት እዚያ ሁሉ ሰው ፊት የዋሹልንና ዛሬ ሳፋውን የመለሱት አንድ ሰው ናቸው። የትኛውን ልመን?

እሁድ

ራሔልን አየኋት። ከእናቷ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ። ይቅርታ ልላት ከበሩ ወጥቼ ነበር። እናቷ ከሩቅ እንዴት ነሽ ልጄ፣ እናትሽ ደህና ናት ወይ አሉኝ። የሚያውቁ ይሁን የማያውቁ አልገባኝም። ራሔል መሬት መሬቱን ታያለች። ደህና ናት አልኩና ተመልሼ ገባሁ።

ይቅርታ አላልኳትም።

ሰኞ

ዝርዝሩ ተነስቷል። በትምህርት ቤት መንገዴ አይቼው መጣሁ። ሰሌዳው ላይ ስለ ውሃ መስመር ጥገና ተለጥፏል። ወረቀቶቹ የት እንደሄዱ ጥበቃውን ጠየቅኩት። መጋዘን ይሆናል አለኝ፣ ወይ ተጥሎ ይሆናል። አያውቅም።

እማዬ በሰዓቷ አልመጣችም። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። ሁለት ጊዜ ተነስቼ እስከ ቅያሱ ሄድኩ። ስትመጣ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት አይሸትም። ሳሙና ነው የሚሸተው። ከዛሬ ጀምሮ ክተፋው ለሌላ ሴት ተሰጥቷል፣ እሷ ወለል ታጥባለች፣ ወንበር ታነሳለች። ወጥ ቤት እንዳትገባ ተብላለች። ግን አላባረሯትም።

ለምን አሉሽ አልኳት። ምክንያቱን አልነገሩኝም አለች።

ማን እንደነገራቸው ሳስብ አመሸሁ። ከመስኮቱ ጋ ከነበሩት አምስት ሰዎች አንዱ ይሆናል። ቀዩን ያየችው ሴትዮ ትሆናለች። እትዬ ዘነቡ ይሆናሉ። ራሔል ብትሆን ደግሞ አልፈርድባትም። ብዛታቸው ነው የከፋው፤ ማንንም መጥላት አልቻልኩም።

ራት ከበላን በኋላ እማዬ ደብተርሽን አምጪ አለችኝ። ይሄኛውን አይደለም፣ የትምህርት ቤቱን። አንድ ቅጠል ገንጥዬ ማመልከቻ እንድጽፍ አዘዘችኝ፦ በስህተት ነው የወጣሁት፣ አሻራው የእኔ አይደለም፣ ድጋፉ ይመለስልኝ። ነገ ጠዋት ከሥራ አስፈቅዳ ራሷ ትሰጣቸዋለች። ትልቋን ጣቷን ይዛ። ጣትሽን ደግሞ ካስፈለገ ማሳየት አለብሽ አለችኝ። ከትምህርት ቤት ያስወጡኛል ወይስ ፖሊስ ይጠራሉ ብዬ ፈራሁ፤ አልጠየቅኳትም። ትሄጃለሽ ስትለኝ እሄዳለሁ አልኩ።

ስሟን ጻፍኩ። የቤት ቁጥራችንን ጻፍኩ። ምክንያቱ ጋ ስደርስ ቆምኩና አየኋት። ችግረኛ ብዬ ልተወው አልኳት።

«ችግረኛማ ሁሉም ነው፣ በዚህ አይሰጡኝም» አለች። «እንዳለ ጻፊው። አሁን ምን ቀረብን?»

ከአጠገቤ ቁጭ ብላ እስክሪብቶውን እያየች ትጠብቃለች። ፊደሉን አታውቀውም፤ ሌላ ነገር ብጽፍ አታውቅም። ማመልከቻውን ለደቂቃ ትቼ ይሄን የምጽፈው ጊዜ ለማግኘት ነው። የቤት ሥራ ነው ብያታለሁ። እሺ ጨርሺና ትመለሽበታለሽ ብላኛለች። አልተነሳችም።